ከእንፋሎት መርከብ እስከ ዘይት ቫልቭ፤ የሲሊንደር አቅጣጫ መቆጣጠሪያ ታሪክና አመራረጥ

እንደሚታወቀው ካርቱም ሁለቱ ዓባዮች የሚገናኙባት ከተማ ናት። ከአገራችን ደጋ አፈር ተሸክሞ የሚወርደው ጥቁር ዓባይ፣ ከደቡብ ዝግ ብሎ ከሚመጣው ነጭ ዓባይ ጋር የሚገጥመው እዚያ ነው። በጥቁር ዓባይ ዳር፣ በአንድ የሸራ ጀልባ ክበብ ግቢ፣ አንዲት አሮጌ የእንፋሎት የጦር መርከብ ለብዙ ዓመታት ቆማ ትታይ ነበር። ስሟ መሊክ ነው፤ በዓረብኛ ንጉሥ ማለት ነው። ከ1926 ጀምሮ የክበቡ ጽሕፈት ቤት ሆና አገልግላለች፤ በ1980ዎቹ የደረሰው ጎርፍም ከውኃው አንሥቶ መሬት ላይ አስቀምጧታል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን ልብ እንዲሉልን እንጠይቃለን።

መሊክ የተሠራችው በሎንዶን አጠገብ፣ ቺዚክ በሚባል ስፍራ፣ በቶርኒክሮፍት የመርከብ ፋብሪካ ነው። ተፈታትታ ወደ ግብፅ ተላከች፤ የኑቢያን በረሃ በባቡር ተሻግራ ከበርበር በስተ ሰሜን፣ አባዲያ ላይ እንደገና ተገጣጠመች። ሴፕቴምበር 2 ቀን 1898 በኦምዱርማን አጠገብ በከረሪ በተደረገው ጦርነት ላይ አዛዧ በካርቱም የተገደለው የጄኔራል ጎርደን የወንድም ልጅ ነበር። በዚያ አንድ ማለዳ ከ10 ሺህ በላይ ሱዳናውያን አለቁ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት መተማ ላይ ከአፄ ዮሐንስ ጦር ጋር የተዋጋው ኃይል፣ በወንዙ ላይ ወደ ላይም ወደ ታችም እንደ ልቡ የሚመላለስ የብረት መድፈኛ ገጠመው። ስለ ውጊያው የታሪክ መምህራን በሰፊው ስለሚያስተምሩ እኛ ወደ መርከቧ ሆድ እንገባለን። ለመሆኑ ያ ሁሉ ብረት ወደ ፊት ሲሄድ ቆይቶ ወደ ኋላ እንዲመለስ የሚያደርገው ምንድን ነው?

መልሱ አንዲት ትንሽ ተንሸራታች ብረት ናት። ሲሊንደር ራሱ አቅጣጫ አያውቅም። በውስጡ ፒስተን ያለበት በሁለቱም ጫፍ የተዘጋ ቧንቧ ነው፤ ግፊት በአንዱ ጫፍ ሲገባ ፒስተኑ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል። ነገር ግን በሌላው ጫፍ ያለው የቀድሞ እንፋሎት መውጫ ካላገኘ ፒስተኑ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ምልልስ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ መሠራት አለበት፤ ለአንዱ ጫፍ መስጠት፣ ከሌላው ጫፍ መቀበል። ይህን ድርብ ሥራ የሚሠራው አቅጣጫ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ይባላል። ተማሪዎች ቫልቭን እንደ ውኃ ቧንቧ መዝጊያ ብቻ ስለሚያስቡት፣ የመውጫው መንገድ የሥራው እኩሌታ መሆኑን መምህራን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ደጋግመው ቢያሳዩ ይጠቅማል።

በጥንት ጊዜ ቫልቭ ትእዛዝ አይቀበልም ነበር። በዚሁ በዓባይ መጨረሻ፣ በእስክንድርያ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ይኖር የነበረው ክቴሲቢዮስ ሁለት ሲሊንደር ያለው የውኃ መግፊያ ፓምፕ ሠርቷል። የእርሱ ቫልቮች ውኃው ራሱ ሲገፋቸው ይከፈታሉ፤ ውኃው ሲመለስ ይዘጋሉ። ይህ ዛሬ አንድ መንገድ ቫልቭ የምንለው ነው፤ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ አልፎት እስከ ዛሬ በየፓምፑ ውስጥ አለ። ለፓምፕ ይበቃል፤ መርከብን ግን አይነዳም፤ ምክንያቱም ለመርከብ የሚያስፈልገው ፈሳሹን የሚከተል ሳይሆን ፈሳሹን የሚያዝ ቫልቭ ነው።

በ1712 ኒውኮመን የተባለው እንግሊዛዊ የሠራው የእንፋሎት ሞተር ሥራ ሲጀምር ቫልቮቹ በእጅ ይከፈቱና ይዘጉ እንደ ነበር ይነገራል። ሃምፍሪ ፖተር የሚባል ልጅ መጫወት ስለ ፈለገ ቫልቮቹን በገመድ ከሞተሩ ተንቀሳቃሽ ምሰሶ ጋር አስሮ ሥራውን ለሞተሩ ለራሱ ተወለት የሚል ታሪክ አለ። የታሪክ ሊቃውንት ብዙም አያምኑትም። እኛም እንደ ተረት ነው የምናቀርበው፤ ነገር ግን ለተማሪዎች የሚጥም ተረት ነው።

ዋናው እርምጃ የመጣው በ1799 ነው። በዚህ ዓመት የጄምስ ዋት ረዳት የነበረው ዊልያም መርዶክ ተንሸራታች ቫልቭ አወጣ። በሲሊንደሩ ጎን ግፊት የሞላበት ሣጥን አለ። የሣጥኑ ወለል ሦስት ቀዳዳ አለው፤ ሁለቱ ወደ ሲሊንደሩ ጫፎች ይወስዳሉ፣ የመካከለኛው ወደ ውጭ ያወጣል። በወለሉ ላይ እንደ ተገለበጠ ጎድጓዳ ሳሕን ያለ ብረት ይንሸራተታል። ወደ ቀኝ ሲሄድ የግራውን ቀዳዳ ለግፊቱ ይገልጥለታል፤ የቀኙን ደግሞ በሆዱ ሥር ከመውጫው ጋር ያገናኘዋል። ወደ ግራ ሲሄድ ሥራው ይገለበጣል። በመካከል ላይ ሲቆም ሁለቱንም ይሸፍናል። ይህን ሥዕል የተረዳ ተማሪ ዛሬ በፋብሪካ ውስጥ የሚያየውን ቫልቭ ሁሉ ተረድቷል ብንል ማጋነን አይሆንም። የተለወጠው ቅርጹ ነው፤ ጠፍጣፋው ብረት በኋላ ክብ ሆነ፣ ክቡም በቀዳዳ ውስጥ የሚመላለስ ወገበ ቀጭን ዘንግ ሆነ። ባለሙያዎች ስፑል የሚሉት ይህንኑ ነው።

በወንዝ መርከቦቹ ታሪክ ውስጥ ስለ ሲሊንደር የሚነገር ሌላ ነገር አለ። መሊክ ከመምጣቷ በፊት፣ በሴፕቴምበር 1896፣ ዛፊር የተባለችው አዲስ የጦር መርከብ ወደ ዶንጎላ ለሚደረገው ዘመቻ ኮሻ ላይ ተዘጋጅታ ነበር። የጦሩ አዛዥ ኪችነር ተሳፍሮ ከዳር ገና እንደ ተነሣች ከፍተኛ ፍንዳታ ተሰማ፤ እንፋሎት ተንፏፏ፤ ሞተሩ ቀጥ አለ። አንደኛው ሲሊንደር ፈንድቶ ነበር። አዲስ ሲሊንደር ከሐልፋ እስኪመጣና እስኪገጠም ድረስ ለምንም የማትረባ ሆነች፤ ዘመቻውም ያለ እርሷ ቀጠለ። የሐልፋውን ነገር አንባቢ ይያዝልን፤ እንመለስበታለን።

በ1899 መጨረሻ የባቡሩ ሐዲድ ከካርቱም ማዶ ሐልፋያ ደረሰ። ሐዲድ ሲነሣ ደግሞ የቫልቭ ምርጫ የሰው ሕይወት ጉዳይ መሆኑ የተረጋገጠበትን ታሪክ ማንሣት ግድ ይላል። ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ የተባለው አሜሪካዊ በ1869 በታመቀ አየር የሚሠራ የባቡር ፍሬን ፈለሰፈ። ነጂው ቫልቭ ሲከፍት አየር በቱቦ ወደየፉርጎው ሲሊንደር ይሄዳል፤ ፒስተኑ ይገፋል፤ ጎማው ይያዛል። ግሩም ነበር፤ ነገር ግን ቱቦው ቢበጠስ ወይም ፉርጎ ቢገነጠል አየሩ ስለሚያመልጥ ፍሬኑ አይሠራም። ይኸውም ፍሬን እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ፍሬን የለም ማለት ነው። ዌስቲንግሃውስ በ1872 ነገሩን ገለበጠው። በየፉርጎው የራሱን አየር የሚያጠራቅም ጋንና አንድ ልዩ ቫልቭ አኖረ። በዋናው ቱቦ ግፊት ሲኖር ፍሬኑ የተለቀቀ ነው፤ ግፊቱ ሲወርድ ቫልቩ በጋኑ ውስጥ ያለውን አየር ወደ ሲሊንደሩ ይልካል። ቱቦው ሲበጠስ ባቡሩ በራሱ ይቆማል።

ይህ ትምህርት በሁሉም ዘንድ ቶሎ አልገባም። መተማ ላይ አፄ ዮሐንስ በወደቁበት በዚያው በ1889፣ ጁን 12 ቀን፣ በአየርላንድ አርማ በተባለች ከተማ አጠገብ ለሽርሽር የሚሄዱ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን የጫነ ባቡር ዳገት ላይ ቀረ። ሠራተኞቹ የፊተኞቹን ፉርጎዎች አስቀድመው ለማድረስ ባቡሩን ለሁለት ከፈሉት። የባቡሩ ፍሬን ግን ኃይል ሲኖር ብቻ የሚይዝ፣ ከሞተሩ ሲለያይ የሚለቅ ዓይነት ነበር። የኋለኞቹ ፉርጎዎች ቁልቁል ተንደርድረው ተከትሎ ከሚመጣ ባቡር ጋር ተላተሙ። ሰማንያ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። የእንግሊዝ ምክር ቤት ሳይውል ሳያድር በዚያው ዓመት የመንገደኛ ባቡሮች ሁሉ በራሱ የሚይዝ ፍሬን እንዲኖራቸው በሕግ አስገደደ። የተሻለው ቫልቭ ከተሠራ 17 ዓመት አልፎት ነበር።

እንግዲህ ቫልቭ የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው፣ ቫልቩ ሲታዘዝ ምን ያደርጋል የሚለውን አይደለም፤ እጁ ሲነሣ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ቱቦ ሲበጠስ ሲሊንደሩ የት ይሂድ የሚለውን ነው። መብራት የሚጠፋበት ከተማ ለምናውቅ ሰዎች ይህ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

በኤሌክትሪክ ጥምጥም፣ ማለትም በሶሌኖይድ የሚሠሩ ቫልቮችን እንውሰድ። አንደኛው ዓይነት በአንድ ወገን ሶሌኖይድ፣ በሌላው ወገን ሞላ አለው፤ መብራት ሲጠፋ ሞላው ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ሁለተኛው በሁለቱም ወገን ሶሌኖይድ አለው፤ መብራት ሲጠፋ በነበረበት ይቀራል። የትኛው ይሻላል? አንድ ብረት በአየር ሞርሳ ተይዞ እየተሰረሰረ ነው እንበል። ሞላው የሚመልሰው ሞርሳውን ወደሚከፍትበት ወገን ከሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ገና እየተሽከረከረ ያለው መሰርሰሪያ ብረቱን ይዞት ይወረወራል። ስለዚህ ለሞርሳ ወይ በነበረበት የሚቀረው ቫልቭ፣ ወይም ሞላው ወደ መያዝ የሚመልሰው ይመረጣል። ለቆርቆሮ መጫኛ ፕሬስ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ሞላው ፒስተኑን ከሠራተኛው እጅ ወደሚያርቅበት ወገን መመለስ አለበት። ያው ቫልቭ፣ ያው ዋጋ፤ ልዩነቱ በየትኛው ወገን ሞላ አለ የሚለው ብቻ ነው። መምህራን እነዚህን ሁለት መሣሪያዎች ጎን ለጎን ሰጥተው ተማሪዎችን ቢያከራክሩ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይሞላል።

ውኃና ዘይት ወደ መሣሪያ የገቡበትን ታሪክ ባጭሩ እንለፈው። ጆሴፍ ብራማ በ1795 የውኃ ፕሬስ ፈለሰፈ። ዊልያም አርምስትሮንግ በ1846 በኒውካስል ወደብ በከተማው የውኃ መሥመር ግፊት የሚሠራ ክሬን አቆመ። በ1906 ደግሞ ቨርጂኒያ በተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ በውኃ ፈንታ ዘይት መድፍ ማንቀሳቀስ ጀመረ። ዘይት ብረት አያዝግም፤ የሚፋተገውንም ያለሰልሳል፤ ከዚያ ወዲህ ውኃ በአብዛኛው ቦታውን ለቀቀ።

አየር ወይስ ዘይት የሚለውን በስሌት ማየት ይሻላል። የውስጥ ስፋቱ 50 ሚ.ሜ. የሆነ ሲሊንደር የፒስተኑ ገጽ 19.6 ካሬ ሴ.ሜ. ነው። በአየር ፋብሪካዎች በተለመደው በ6 ባር ግፊት 1,180 ኒውተን ያህል ይገፋል፤ 120 ኪሎ ግራም ለማንሣት የሚበቃ ነው። ያው ሲሊንደር ለዘይት ተሠርቶ በ160 ባር ቢሠራ ከ31,000 ኒውተን በላይ፣ ማለት ከ3 ቶን በላይ ያነሣል። ስለዚህ ገልባጭ መኪና ሁልጊዜ በዘይት፣ የአውቶቡስ በር ግን በአየር የሚሠራ ቢሆን አያስደንቅም።

የቫልቩ መጠን የሚወሰነው በቧንቧው ውፍረት ሳይሆን በሚያልፍበት ፈሳሽ ብዛት ነው። ከላይ ያለው ሲሊንደር 300 ሚ.ሜ. ርዝመት በ1 ሴኮንድ እንዲሄድ ብንፈልግ በደቂቃ 35 ሊትር ዘይት ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያየው ወጥመድ አለ። ዘንጉ 36 ሚ.ሜ. ውፍረት ቢኖረው በዘንጉ ወገን ያለው ገጽ ከሌላው እኩሌታ በታች ይሆናል። ፓምፑ በዚያ ወገን 35 ሊትር ሲያስገባ፣ በሌላው ወገን ከ70 ሊትር በላይ ወደ ቫልቩ ይመለሳል። ለ35 ሊትር የተመረጠ ቫልቭ በመልሱ ጊዜ ይታነቃል፤ ይሞቃል፤ መሣሪያውም ይንቀረፈፋል። ያን ጊዜ ፓምፑ ደከመ ተብሎ ፓምፕ ይገዛል። የአየር ቫልቭ ሲሆን ደግሞ ያው ሲሊንደር በ6 ባር በደቂቃ 250 ሊትር ያህል ያልታመቀ አየር ይፈልጋል። በካታሎግ የሚጻፈው የአየር ቫልቭ አቅም በተለምዶ በመግቢያው 6 ባር፣ በመውጫው 5 ባር ሆኖ የተለካ ስለሆነ ከዚያ ከፍ ያለውን መውሰድ ይበጃል።

ባለ ሁለት ወገን ቫልቭ ሲሊንደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይነዳል። በመካከል ማቆም ከተፈለገ ሦስተኛ፣ የመካከለኛ ቦታ ያለው ይመረጣል፤ የመርዶክ ብረት በመካከል ላይ ሲቆም ያልነው ማለት ነው። በካታሎግ 4/3 ተብሎ የሚጻፈው አራት ቀዳዳና ሦስት ቦታ ያለው ቫልቭ ነው፤ 5/2 የሚባለው አምስት ቀዳዳና ሁለት ቦታ ያለው የአየር ቫልቭ ነው። የዘይቱ ቀዳዳዎች ፒ፣ ቲ፣ ኤ፣ ቢ ይባላሉ፤ ፒ ከፓምፕ፣ ቲ ወደ ጋን፣ ኤና ቢ ወደ ሲሊንደሩ ሁለት ጫፎች ናቸው።

በመካከለኛው ቦታ ማን ከማን ጋር ይገናኝ የሚለው ጥያቄ እንደ ካርቱም ባለ አገር ልዩ ክብደት አለው። መካከሉ ሁሉንም የሚዘጋ ቫልቭ ከተራ የጥርስ ፓምፕ ጋር ከተገጠመ፣ መሣሪያው ቆሞ ሳለ ዘይቱ ሁሉ በትርፍ ግፊት ማስተንፈሻው በኩል እየተገፋ ያልፋል። 35 ሊትር በደቂቃ በ160 ባር ሲያልፍ 9 ኪሎ ዋት ያህል ሙቀት ይሆናል፤ ሁለት ሦስት የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ በዘይቱ ጋን ውስጥ እንደ መጣድ ነው። ጥላ ሥር 40 ዲግሪ በሚያልፍበት ከተማ እንዲህ ያለ ዘይት ቶሎ ይቀጥናል፣ ፓራኦሊዮ ያቃጥላል። ፒን ከቲ ጋር አገናኝቶ ኤንና ቢን የሚዘጋው መካከል ተመርጦ ቢሆን ፓምፑ ያለ ጭነት ይዞር ነበር። በሞቃት አገር ወፈር ያለ ዘይት የሚመረጠውም ዘይቱ ሲሞቅ በስፑሉ ዙሪያ እንዳይሾልክ ነው።

መሾለኩ ራሱ ሌላ ነገር ያስከትላል። ስፑል በቀዳዳው ውስጥ የሚንሸራተተው በጣም ጠባብ ክፍተት ስላለው ነው፤ ክፍተት ባለበት ደግሞ ዘይት ያልፋል። ስለዚህ ኤና ቢ ተዘግተዋል ተብሎ ወደ ላይ የተነሣ ጭነት በስፑል ብቻ አይታመንም፤ ቀስ በቀስ ይወርዳል። ሰው በሥሩ ገብቶ የሚሠራበት ከሆነ በትእዛዝ የሚከፈት አንድ መንገድ ቫልቭ በሲሊንደሩ አፍ ላይ መጨመር አለበት። የእስክንድርያው የክቴሲቢዮስ ቫልቭ እዚህ ላይ ተመልሶ ይመጣል፤ በጥብቅ በመዝጋት ስፑል አይደርስበትም።

አቧራንም መዘንጋት አይገባም። ሀቡብ የሚሉት የካርቱም የአሸዋ ማዕበል በተነሣ ቀን ቀትሩ ይጨልማል፤ ያ አቧራ በሲሊንደሩ ዘንግ ላይ ተጣብቆ ይገባል፣ በአየር ቫልቭ መውጫ በኩልም ይገባል። መውጫዎቹ ማጣሪያ ያለው ክዳን ሳይደረግላቸው መቅረት የለባቸውም። ከዚህም ጋር፣ ትልልቅ የአየር ቫልቮች ሶሌኖይዱ ራሱ ስፑሉን አይገፋውም፤ ትንሽ የአየር መንገድ ብቻ ይከፍትና አየሩ ይገፋዋል። ስለዚህ ግፊቱ ከ2 ባር ያህል በታች ሲወርድ መብራት ቢኖርም ቫልቩ አይነቃነቅም። ኮምፕሬሰሩ ደካማ በሆነበት ሥፍራ በቀጥታ የሚሠራ ወይም በእጅ የሚገፋ ቫልቭ ይሻላል። የመኪና ሠሪዎች ገልባጩን በእጅ ማንሻ የተዉት አላዋቂ ሆነው አይደለም።

አሁን ወደ ሐልፋ እንመለስ። ዛፊር የቆመችው መሐንዲስ አጥታ አልነበረም፤ ሲሊንደሩ ሩቅ ስለ ነበረ ነው። በኤፕሪል 15 ቀን 2023 የተቀሰቀሰው ጦርነት የሰሜን ካርቱምን የፋብሪካ ሰፈር ክፉኛ ጎድቶታል፤ መሣሪያዎች ተሰብረዋል፣ ተዘርፈዋልም። እንዲህ ባለ ሥፍራ አንድን የተረፈ መሣሪያ ለማስነሣት የሚፈልግ መካኒክ የቀድሞውን ፋብሪካ ቫልቭ ላያገኝ ይችላል። የሚያድነው ዓለም አቀፍ የደረጃ ስምምነት ነው። የዘይት ቫልቮች የመቀመጫ ቅርጽ አይ.ኤስ.ኦ. 4401 በተባለው ደረጃ ተወስኗል፤ የአምስት ቀዳዳ የአየር ቫልቮች ደግሞ አይ.ኤስ.ኦ. 5599 በተባለው። በዚህ ደረጃ የተሠራ የአንድ አገር ቫልቭ በሌላ አገር ቫልቭ መቀመጫ ላይ ይገጠማል። ለትምህርት ቤት ሠርቶ ማሳያ የሚገዛም ቢሆን፣ ዋጋው ትንሽ ቢጨምር እንኳ በደረጃው ያልተሠራ ቫልቭ መግዛትን እኛ አንመክርም።

ሲያዝዙ ከአሮጌው ቫልቭ ሰሌዳ ላይ የሚገለበጡት መጠኑ፣ የሶሌኖይዱ ቮልት፣ ቀጥተኛ ወይም ተለዋዋጭ መሆኑ፣ የስፑሉም ምልክት ሥዕል ናቸው። ሰሌዳው ተፍቆ ከሆነ ቫልቩን አውልቆ የአራቱን ብሎን ቀዳዳዎች ርቀት በካሊፐር መለካት ነው። መጠን 6 የሚባለው የተለመደው ትንሽ የዘይት ቫልቭ በርዝመቱ 40.5 ሚ.ሜ. ነው፤ በወርዱ ግን በአንዱ ወገን 31 ሚ.ሜ.፣ በሌላው 32.5 ሚ.ሜ. ሆኖ ይገኛል። የመለኪያ ስሕተት አይደለም፤ ቫልቩ ዞሮ እንዳይገጠም ሆን ተብሎ የተደረገ ነው።